«በልተው ካደሩ ምን ጎደላቸው?»

የሄርማታ ልጅ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ተሰባስበው የሚኖሩበትን አንድ ቤት የጎበኙ ሰዎች ሰሞኑን ስብሰባ ላይ ምን እንዳሉ ሰማችሁ? አንዱ ተነስቶ «ንጹህ ናቸው፣ በልተው ያድራሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» አለ። ተጨበጨበለት! እኔ ግን እስካሁን ደሜ አልበረደም።

ቦሳ፦ አንተ ለዚያ ቤት ስንት ብር ሰጥተሃል? ሰዎቹ ከመንገድ አንስተው እያበሉ ነው። ጅማ ውስጥ ጓዳ ተዘግቶበት የሚውል ስንት ልጅ እንዳለ እያወቅክ፣ በልቶ የሚያድረው ላይ ዞር ብለህ ታወራለህ።

እህት ነኝ፦ ወንድሜ እንዲህ ያለ ቤት ኖሯል። ስሙን አልጠራም። እውነት ነው፣ ይበላል። ማታ 12 ሰዓት ግን ይተኛል። ስላንቀላፋ አይደለም። የቀኗ ሠራተኛ ስለምትወጣ ነው። ትልቅ ሰው እኮ ነው! ኳስ ነፍሱ ነው፣ ጨዋታው ደግሞ ማታ ነው። ሌላ ቀን ስሄድ የገዛሁለትን ሹራብ ሌላ ልጅ ለብሶት አገኘሁ። «የጋራ ነው» አሉኝ።

ቦሳ፦ በቃ ኳስ ስላላየ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?

እህት ነኝ፦ አንተን ማታ 12 ሰዓት አስተኝተው መብራቱን ያጥፉብህና እንነጋገራለን።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ወንድሜ ቦሳ፣ ኳሱ ቀልድ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 ሰው የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው ይላል። ስምምነቱን የሚከታተለው፣ ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው ማብራሪያ ደግሞ ነገሩ በቤቱ ስፋት እንደማይለካ ጽፏል። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው የሚኖርበት ቤትም፣ ለብቻ የሚኖሩበት ቤትም ቢሆን፣ መቼ እንደምትተኛና ማን እንደሚረዳህ ሌላ ሰው ከወሰነልህ ያው ተቋም ነው።

ቦሳ፦ ጄኔቫ ለጅማ ዳቦ አይጋግርም።

የማንቸስተሩ፦ እኔ እዚህ የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው፣ ልናገር። እንግሊዝ ውስጥ «ሰፖርትድ ሊቪንግ» በሚባለው አሠራር ሰውየው ቤቱን በራሱ ስም ይከራያል። የሚረዳው ድርጅት ሌላ ነው። ድርጅቱ ካልተስማማው ድርጅቱን ይቀይራል እንጂ ቤቱን አይለቅም። እንግዲህ ይሄ ወረቀቱ ላይ ነው። ሥራው ላይ ስትገባ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ልጁ ስም ሳይለምድ ሌላ ፊት ይመጣበታል። ሲኪውሲ የሚባለው ተቆጣጣሪም የሚያየው እንክብካቤውን ነው። ቤቱ ራሱ አይመለከተውም።

አጂፕ፦ እዚያው እንግሊዝ የነበረውን ዊንተርበርን ቪውን ረሳኸው? በፈረንጆቹ 2011 ቢቢሲ በድብቅ ቀርጾ ሠራተኞቹ ታካሚዎቹን ሲደበድቡ አሳየን። ፈረንጅ ሊያስተምረን ነው አሁን?

የማንቸስተሩ፦ እሱ የግል ሆስፒታል ነበር፣ የኪራይ ቤት አልነበረም። ደግሞም ሠራተኞቹ ተከሰው እስር ቤት የገቡ አሉ። እኛ ጋ እስቲ ማን ተከሶ ያውቃል?

አጂፕ፦ «እኛ ጋ» አልክ? አንተ ማንቸስተር ነህ እኮ።

የማንቸስተሩ፦ ጅማ ነው የተወለድኩት፣ ጂሬን ዳገት ላይ! መታወቂያ ላሳይህ?

የሄርማታ ልጅ፦ ኧረ በአላህ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ዘሚ የኑስ ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ስትከፍት በጀት ይዛ አይደለም። ለልጇ ቦታ ስላጣች ነው።

አጂፕ፦ ጆይ ለኦቲዝም ነው፣ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ አንድ አይደሉም። ልጆቹም ውለው ቤታቸው ይገባሉ። እኛ እያወራን ያለነው ስለሚያድሩት ነው። ደግሞ ሁሌ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ!

ሠራተኛ ነበርኩ፦ ሁላችሁም ታወራላችሁ፣ ሌሊቱን ያደርኩት ግን እኔ ነኝ። ብቻዬን፣ ለስምንት ሰው። አንዱን «ቀዩን ነው ሰማያዊውን የምትለብሰው?» ብዬ መልሱን ስጠብቅ፣ ሁለተኛዋ ሽንት ቤት ትጠራኛለች፣ ሦስተኛው በር ከፍቶ ይወጣል። ማስመረጥ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እኔው መርጬ አለብሳለሁ። ደሞዟም የቤት ኪራይ አትከፍልም ነበር። ሥልጠና የሚባል ነገር ወላሂ አላየሁም። እህቴ፣ 12 ሰዓት ያስተኛሁት ጠልቼው አይደለም።

እህት ነኝ፦ አንቺን መቼ ወቀስኩ እህቴ? «ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል» ያለውን ነው። ሁለተኛ ሰው ይፈለጋል በይው።

ቦሳ፦ እኮ ደሞዙን ማን ይክፈል? እሱን ንገሩኝ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ይረዳል ይላል።

ቦሳ፦ አቅም ፈቅዶ አይተህ ታውቃለህ?

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ለስብሰባው ውሎ አበልና ምሳ ግን ፈቅዷል።

አጂፕ፦ ምሳ ነበረው እንዴ? ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

እህት ነኝ፦ ቦሳ፣ ቤትህ የት ጋ ነው? ቅዳሜ ማታ ወንድሜን ይዤው ልምጣ። ዲኤስቲቪ አለህ አይደል?

ቦሳ፦ ክፍያው አልቋል።