ጀልባዬን ከተጎታቹ ጋር እንዴት ላስማማው?

ጠያቂ፣ ሚኒያፖሊስ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ 16 ጫማ ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ጀልባ ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ሞተሩን ጨምሮ ገዝቻለሁ። ተጎታቹን ግን የገዛሁት ከሌላ ሰው ሲሆን ቀድሞ ይሸከም የነበረው 15 ጫማ ጀልባ ነው። አሁን ጀልባዬ ሲጫንበት የኋላ ግድግዳው፣ ማለትም ሞተሩ የሚታሰርበት ክፍል፣ ከማረፊያ ጣውላዎቹ ጫፍ አንድ ጫማ ያህል አልፎ ይንጠለጠላል። በከተማ ውስጥ ችግር አላየሁበትም፤ በሰዓት ከ50 ማይል በላይ ስነዳ ግን ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውንም አብሮ ያንገላታዋል። መኪናዬ እስከ 3,500 ፓውንድ መጎተት ትችላለች። ልጆቼን ይዤ በ169 አውራ ጎዳና ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ ለመሄድ ስላሰብኩ፣ መንገዱም 100 ማይል ገደማ ስለሆነ፣ ምን ማስተካከል እንዳለብኝና ከየት መጀመር እንደሚገባኝ የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የጋራዥ ሰው፣ ሴንት ፖል

ወንድሜ፣ ረጅሙን መንገድ ከመጀመርዎ በፊት መጠየቅዎ ትክክል ነው፤ እስኪስተካከልም ድረስ ወደ አውራ ጎዳናው እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። የተንጠለጠለው የጀልባው ጀርባና የተጎታቹ ውዝዋዜ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ጭነቱ ወደ ኋላ አዘንብሏል። ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ የነዳጅ ታንኩም የሚገኙት ከኋላ በመሆኑ፣ ጀልባው አንድ ጫማ ወደ ኋላ ሲቀር በመጎተቻው ኳስ፣ ማለትም ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ድቡልቡል ብረት፣ ላይ ማረፍ የሚገባው ክብደት ይቀንሳል፤ ያ ክብደት ሲያንስ ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ተጎታቹ ከመኪናው ኋላ ቀጥ ብሎ መከተል ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ 250 ፓውንድ የሚጠጋ ሞተር ከሥሩ ድጋፍ በሌለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየጉድጓዱ ሲነጥር የጀልባው ሆድ በጣውላዎቹ ጫፍ ላይ ይታጠፋል። ጉዳቱ በአሉሚኒየም ላይ መጀመሪያ የሚታወቀው በጣውላው ጫፍ ትክክል በሚፈጠር ትንሽ ስርጉድ ነውና እጅዎን ከሥር አስገብተው ዳሰስ ያድርጉት።

ማንኛውንም ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት በተጎታቹ ግራ ጎን፣ ከፊት በኩል የተለጠፈውን ምልክት ያንብቡ። እዚያ የተጻፈው ከፍተኛ ክብደት የተጎታቹን የራሱን ክብደት ጭምር የሚያካትት መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጀልባውን፣ ሞተሩን፣ በጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ የሚመዝነውን ነዳጅ፣ ባትሪዎቹን፣ መልሕቁንና ዕቃውን ሁሉ ደምረው ከተጻፈው ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ የትኛውም ማስተካከያ አያድንዎትም፤ ተጎታቹ ራሱ መለወጥ አለበት።

ቁጥሩ ከተስማማ በኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይለኩ። ተጎታቹን ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙት፣ ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ፣ ከዚያም የቤት ሚዛን ላይ ጉማጅ እንጨት አስቀምጠው የተጎታቹ አፍ ከመኪናው ጋር ሲያያዝ በሚኖረው ከፍታ ልክ እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ የፊተኛው ክሪክ መሬት እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ለጀልባ ተጎታች በአብዛኛው የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ውጤቱን፣ እንዲሁም ከኳሱ እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት ቢጽፉልኝ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።

ጠያቂ፣ ሚኒያፖሊስ

ስለ ዝርዝር ምክርዎ አመሰግናለሁ። ምልክቱ ላይ የተጻፈው 2,200 ፓውንድ ነው። ጀልባው 850፣ ሞተሩ 250፣ 12 ጋሎን ነዳጅ 72፣ ሁለት ባትሪዎች 100፣ ዕቃው ደግሞ 130 ገደማ ስለሆነ ጭነቱ በጠቅላላው ወደ 1,400 ፓውንድ ይመጣል፤ 450 ፓውንድ የሚመዝነው ተጎታች ሲጨመርበት 1,850 ይሆናል። በሚዛኑ ላይ ያረፈው ግን 45 ፓውንድ ብቻ ነው። ከኳሱ እስከ አክስሉ 14 ጫማ ነው። ሥሩን ዳስሼ ስርጉድ አላገኘሁም። አንድ ጎረቤቴ አክስሉን ወደ ኋላ ብታስጠጋው ይበቃል ብሎኛል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?

የጋራዥ ሰው፣ ሴንት ፖል

አክስል ወደ ኋላ ሲሄድ በኳሱ ላይ ያለው ክብደት እንደሚጨምር ጎረቤትዎ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን አክስሉን ብቻ ቢያንቀሳቅሱ ውዝዋዜው ቢቆም እንኳ የጀልባው ጀርባ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ከኋላ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ በቅድሚያ የኋላው ግድግዳ በጣውላዎቹ ጫፍ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ የዊንቹ ምሰሶ፣ ማለትም ጀልባውን በገመድ የሚስበው መጠቅለያ የተተከለበት የፊት ብረት፣ ተስቦ የጀልባውን አፍንጫ ይገናኘው፣ አክስሉ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚዛኑ አሁንም ካልተስማማ ብቻ ነው።

በእርስዎ ሁኔታ አክስሉን መንካት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። 1,400 ፓውንድ ጭነት አንድ ጫማ ወደ ፊት ሲገፋ፣ ርቀቱ 14 ጫማ ስለሆነ፣ 1,400 ለ14 ተካፍሎ በኳሱ ላይ 100 ፓውንድ ይጨምራል። ከነበረው 45 ጋር 145 ይሆናል ማለት ነው፤ ከ1,850 ውስጥ 8 በመቶ ገደማ ስለሆነ በሚፈለገው መካከል ላይ ይወድቃል።

ምሰሶውን ጀልባው ተጭኖ ሳለ ለማንቀሳቀስ አይሞክሩ፤ ፊቱን የሚይዘው እርሱ ነውና። የሚሻለው በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሐይቅ በውስጥ መንገድ፣ በዝግታ ሄደው፣ ባትሪዎቹንና ዕቃውን ለዚያ ጉዞ ወደ መኪናው አዛውረው፣ ጀልባውን ውሃ ላይ ማውረድ ነው። አንድ ሰው ጀልባውን ይዞ ሲጠብቅ እርስዎ ባዶውን ተጎታች ሜዳ ላይ አውጥተው የምሰሶውን ቡሎኖች ያላሉ፣ በትክክል አንድ ጫማ ወደ ፊት ይሳቡት፣ መልሰው ያጥብቁት። ጀልባውን ሲጭኑ የኋላው ግድግዳ ከጣውላው ጫፍ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ብቻ ሳይሆን ጠፍጣፋ ብረት አስጠግተው ያረጋግጡ። በጀልባው አፍንጫ ላይ ያለው የማሰሪያ ቀለበት በምሰሶው ላይ ካለው የላስቲክ ማቆሚያ በታች መዋል አለበት፤ እንዲህ ሲሆን በጉድጓድ ላይ አፍንጫው ወደ ላይ አይዘልም።

ሐይቅ ወዳዷ፣ ሲያትል

የተሰጠው ምክር ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ጀልባው ወደ ፊት ሲመጣ አፍንጫው ወደ መኪናው ይቀርባልና ከመንገዱ በፊት ባዶ ማቆሚያ ስፍራ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው በሁለቱም አቅጣጫ ይፈትሹት፤ የኋላ በሩም ሳይነካው መከፈቱን ይመልከቱ።

ጣውላዎቹን ለመለወጥ ካሰቡ ደግሞ እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የተነከረውን እንጨት አይግዙ። መዳቡ ከእርጥበት ጋር ተዳምሮ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ጉዳቱም በምንጣፍ በተሸፈነው በኩል ስለሆነ ሳይታይ ይቆያል። ተራ ጣውላ ቶሎ ቢያረጅም የሚለወጠው እንጨቱ እንጂ ጀልባው አይደለም።

የዊንቹ ገመድ ጀልባውን ለመጫን እንጂ በጉዞ ላይ አስሮ ለመያዝ አይደለም። ከፊት ተጨማሪ ሰንሰለት፣ ከኋላ በግራና በቀኝ ጀልባውን ወደ ተጎታቹ የሚስቡ ሁለት ቀበቶዎች ያስፈልጉዎታል። ከመኪናው ጋር የሚያያዙትን ሁለት ሰንሰለቶች ከመጎተቻው ሥር በመስቀል ያሳልፏቸው፤ ተጎታቹ ከኳሱ ቢወጣ አፉ መሬት ሳይመታ የሚይዘው ያ መስቀል ነው።

ጠያቂ፣ ሚኒያፖሊስ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ይህ ተጎታች የራሱ ፍሬን የለውም። ሕጉ ይፈቅዳል? ከመነሳቴ በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገርስ አለ?

የጋራዥ ሰው፣ ሴንት ፖል

በሚኒሶታ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚገደደው ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ የእርስዎ 1,850 ስለሆነ ይፈቀዳል። ሆኖም ያንን ሁሉ ክብደት የምታቆመው መኪናዋ ብቻዋን ናትና ከፊትዎ ካለው መኪና የሚጠብቁትን ርቀት በእጅጉ ያስፉት። ውዝዋዜ ቢጀምርብዎ ፍሬን አይርገጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው እግርዎን ከነዳጁ ቀስ ብለው ያንሱ።

የጎማዎቹን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ፤ የላላ ጎማም ያወዛውዛል። ከሐይቁ ሲወጡ የጀልባውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ያውጡ። በግዛታችን ወራሪ ፍጥረታት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይተላለፉ ሲባል ቡሹ ወጥቶ መጓዝ ግዴታ ነው፤ በተጨማሪም አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝንና ሽቅብ ሲነዱ ወደ ኋላ ስለሚሰበሰብ ያስተካከሉትን ሚዛን ያበላሽብዎታል።

ከ10 ማይል በኋላ ቆመው የምሰሶውን ቡሎኖች እንደገና ያጥብቁ፣ ቀበቶዎቹን ይፈትሹ፣ የሁለቱንም ጎማዎች መሐል በእጅዎ ይንኩ። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ አንደኛው እጅ የማያስቀርብ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል ወይም ተበልቷልና ሳይታይ አይቀጥሉ። ሐይቁ ዘንድ ሲደርሱም ወዲያው ወደ ውሃ አይግቡ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ማሰሪያዎቹን እስኪፈቱና ልጆቹን የደኅንነት ጃኬት እስኪያለብሱ ድረስ ያለው ጊዜ ለማቀዝቀዝ ይረዳዋል።