አይፖድ ተች «የማይደውል አይፎን» ብቻ ነበርን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን መሳቢያዬን ሳጸዳ ለብዙ ዓመታት ያልነካሁትን አራተኛ ትውልድ አይፖድ ተች (የአፕል ባለ ንክኪ ስክሪን ሙዚቃ ማጫወቻ) አገኘሁ፤ ቻርጅ ባደርገው ተከፈተ፣ የጫንኳቸው መዝሙሮችም እንዳሉ ናቸው። በዘመኑ ብዙ ሰዎች «የማይደውል አይፎን» እያሉ ሲያቃልሉት እሰማ ነበር። ሲወጣ በእርግጥ እንዴት ተቀበሉት? ከዚያስ ምን ተለወጠበት?

ሙዚቃ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ንጽጽሩ የተጀመረው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። አፕል አይፖድ ተችን ባስተዋወቀበት በሴፕቴምበር 5 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. የ8 ጊጋባይቱን አይፎን ዋጋ ከ599 ወደ 399 ዶላር ስላወረደው፣ የ16 ጊጋባይቱ አይፖድ ተች በትክክል ከአይፎን እኩል ዋጋ ላይ አረፈ፤ የ8 ጊጋባይቱ 299 ዶላር ነበር። ገዢው ካሜራም፣ ድምፅ ማጉያም፣ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ቁልፍም እንደሌለው ሲያይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ብዙ ሙዚቃ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ዕለት የቀረበውን 160 ጊጋባይት የሚይዝ አይፖድ ክላሲክ መረጠ። በጃንዋሪ 2008 ኢሜይልና ካርታን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ሲጨመሩ ቀድመው የገዙት 20 ዶላር ገደማ እንዲከፍሉ መደረጋቸው እስከ ዛሬ አግባብ አይመስለኝም።

ነገሩን የለወጠው በጁላይ 2008 የተከፈተው አፕ ስቶር (የአፕል የመተግበሪያዎች መደብር) ነው። አሜሪካ ውስጥ አይፎን የሁለት ዓመት የስልክ ውል ይጠይቅ ስለነበር፣ ወርኃዊ ክፍያ ሳይኖርበት በዋይፋይ ብቻ እነዚያኑ ጨዋታዎችና መተግበሪያዎች መጠቀም ለተማሪና ለልጆች ወላጅ ትልቅ ነገር ነበር። «አይደውልም» የተባለው ጉድለት ለእነርሱ ዋናው ጥቅም ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የወጣው ሁለተኛው ትውልድም ድምፅ ማጉያውንና የድምፅ ቁልፎቹን ይዞ መጣ።

የድሮ ዕቃ ጠጋኝ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው በእጃቸው ስላለው ትውልድ ልጨምር። በ2009 ትንሿ አይፖድ ናኖ የቪዲዮ ካሜራ ስታገኝ ተች ሳያገኝ በመቅረቱ ብዙዎች አዝነው ነበር። በ2010 አራተኛው ትውልድ ከፊትም ከኋላም ካሜራ፣ እንዲሁም 960 በ640 ፒክስል የሆነ ጥርት ያለ ስክሪን ይዞ ወጣ። ሆኖም የኋላው ካሜራ ፎቶ አንድ ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም፤ የአይፎን 4 ካሜራ ግን 5 ሜጋፒክስል ነበር። ስክሪኑም ወደ ጎን ሲያዩት ቀለሙ ይደበዝዛል። ከሁሉም የሚቆጨኝ ራሙ (መተግበሪያዎች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ነው፤ አይፎን 4 ባለ 512 ሜጋባይት ሲሆን ይህ 256 ብቻ ስለተሰጠው፣ ፕሮሰሰራቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አይፎኑ ወደ አይኦኤስ 7 (የአፕል ስርዓተ ክወና) ሲያልፍ አይፖዱ 6 ላይ ቀረ።

የ2012 እትም፦ ለእኔ ምርጡ አምስተኛው ነው፤ 88 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ። ከዚያ በኋላ አዲስ ትውልድ የወጣው በ2015 እና በ2019 ብቻ ሲሆን፣ አፕል ምርቱ ማብቃቱን ያስታወቀው በሜይ 10 ቀን 2022 ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የልጆቼን የያኔ ፎቶዎች ከፍቼ መጠናቸውን አየሁ፤ ሁሉም 960 በ720 ናቸው። ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣቸዋለሁ።