ከለንደን ወደ ባዝ የአንድ ቀን ጉብኝት ከአረጋዊ አባት ጋር፦ በአስጎብኚ አውቶቡስ ወይስ በራሳችን?

ጥያቄ፦ ዘውዴ (ደቡብ ለንደን)

ጤና ይስጥልኝ። የ78 ዓመት አዛውንት የሆኑት አባቴ በመጪው ወር ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሦስት ሳምንት ይሰነብታሉ። ገና ቪዛው ሳይወጣ በስልክ ደጋግመው የነገሩኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን የባዝን ከተማ ማየት እንደሚፈልጉ ነው። አባቴ በልጅነታቸው ለገና በዓል ቤተ መንግሥት ገብተው ሹራብ ከተሰጣቸው ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በኋላም ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእርሳቸው ከሽርሽር በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀኑ በግርግር እንዲያልፍባቸውም አልፈልግም።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከለንደን ተነሥቶ የዊንዘርን ቤተ መንግሥትና የስቶንሄንጅን የድንጋይ አምዶች አሳይቶ ከሰዓት በኋላ ባዝ የሚያደርስ፣ ማታም የሚመልስ የአውቶቡስ ጉዞ አለው። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ አስጎብኚውም መንገድ ላይ ሁሉ ያስረዳል ይላሉ። ነገር ግን ስጠይቃቸው፣ ባዝ ላይ የምንቆየው ሁለት ሰዓት እንኳ እንደማይሞላና የጃንሆይ ቤት በመርሐ ግብሩ ውስጥ እንደሌለ ነገሩኝ። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ረጅም መንገድ በእግር መሄድና ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል። እንግሊዝኛ በጽሑፍ ይረዳሉ፤ በፍጥነት ሲነገር ግን ያመልጣቸዋል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በአገር ቤት ሳሉ በየዓመቱ ሶደሬ የሚወርዱ ሰው ስለሆኑ፣ የባዝም ፍል ውሃ ሰው የሚታጠብበት እንደሆነ ጠይቀውኛል። ከሽማግሌ ወላጅ ጋር የሄዳችሁ ብትኖሩ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ በብርቱ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ጽጌ (ሬዲንግ)

ወንድሜ፣ እርስዎ የጠቀሱትን ዓይነት ጉዞ ከሁለት ዓመት በፊት ከእናቴ ጋር ሄጄበታለሁ፤ ድርጅቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚያችን ሥራውን የሚወድ ጠንቃቃ ሰው ነበርና በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ሦስት ቦታ በአንድ ቀን መጨናነቁ ነው። ስቶንሄንጅ ላይ ከእንግዳ መቀበያው እስከ ድንጋዮቹ ሌላ አውቶቡስ መጠበቅ ስላለ ጊዜው እዚያው አለቀ፤ ባዝ ስንደርስ የቀረን አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነበር። ከዚያው ላይ ለሰልፍ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ወደ አውቶቡሱ ለመመለስ የሚሆነው ሲቀነስ እናቴ ጥንታዊውን የሮማውያን የፍል ውሃ መታጠቢያ ያዩት እየተቻኮሉ ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ደግሞ የጃንሆይ ቤት በከተማው ዳርቻ መኖሩን ያወቅነው ለንደን ከተመለስን በኋላ መሆኑ ነው።

እናቴ በመቻኮሉ መካከል እንኳ ቆም ብለው ያዩት ነገር ቢኖር እዚያ የሚታዩትን የእርሳስ ብረት ሰሌዳዎች ነው። በሮማውያን ዘመን ሰዎች ሲታጠቡ ልብሳቸው ወይም ገንዘባቸው ሲሰረቅ፣ ሌባውን እንድትቀጣላቸው ሱሊስ ሚነርቫ ለምትባለው የምንጩ አምላክ በቀጭን እርሳስ ላይ አቤቱታ ጽፈው፣ ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ይጥሉ ነበር፤ እስካሁን 130 ያህል ተገኝተዋል። ይህን ስተረጉምላቸው እናቴ፣ «ለጣዖት ሆነ እንጂ፣ እኛስ ለታቦት እየነገርን አይደል» አሉ። አባትዎ የታሪክ መምህር እንደመሆናቸው ይህን ክፍል በችኮላ እንዳያሳልፉት እመክራለሁ።

ስለዚህ ምክሬ በባቡር ባዝን ብቻ አስበው እንዲሄዱ ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከባዝ ስፓ ጣቢያ እስከ ሮማውያኑ መታጠቢያ ያለው መንገድ አጭርና ሜዳማ ነው። አስጎብኚ የግድ ከፈለጉ የከተማዋ ከንቲባ የክብር አስጎብኚዎች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ከመታጠቢያው ጎን ካለው ከፓምፕ ሩም ደጃፍ ተነሥተው እንግዳውን ሁሉ ያለክፍያ ያስጎበኛሉ፤ ጉርሻም አይቀበሉም። ሆኖም በእግር የሚደረግና ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ጉብኝት ስለሆነ ለአባትዎ ጉልበት የሚስማማ አይመስለኝም። ቀድመው አንብበው እርስዎ ራስዎ በአማርኛ ቢያስረዷቸው ይሻላል።

ምላሽ፦ አቤል (ብሪስቶል)

ለጽጌ ምክር የምጨምረው ዋናው ጉዳይ ስለ ጃንሆይ ቤት፣ ስለ ፌርፊልድ ሐውስ ነው፤ ምክንያቱም አባትዎ የሚመጡት ለእርሱ ነው። ብሪስቶል ለባዝ ጎረቤት ስለሆነች ከአገር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ወደዚያ እንድወስደው ይጠይቀኛል፤ ከአሥር ጊዜ በላይ ሳልሄድ አልቀርም።

ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው በግንቦት መጨረሻ እንግሊዝ አገር ገቡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን አቤቱታ ካሰሙ በኋላ፣ በዚያው ክረምት ዕረፍት ለማድረግ ወደ ባዝ መጡና ብዙም ሳይቆዩ ከከተማዋ በስተምዕራብ በኬልስተን መንገድ ላይ ያለውን ይህን ቤት ገዙ። አዲስ አበባ ራሷ በፍል ውሃ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ንጉሡ ከዚያ ተነሥተው ሌላ የፍል ውሃ ከተማ ውስጥ መጠለላቸውን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እቴጌ መነን ብርዱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተማሩ፤ ጃንሆይም የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በዚያ ቤት ሳሉ ነው። ገንዘብ አጥሯቸው፣ የማገዶ ከሰል እንኳ እየከበዳቸው ያሳለፉት ዘመን ነበር። ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገባች በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን አቀኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1954 ባዝን ዳግመኛ ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሕዝብ አበረከቱ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአባትዎ አዲስ ነገር ለመንገር አይደለም፤ እርሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እርስዎ ግን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ቤቱ ዛሬም የሰዎች መገልገያ ነው፤ ከተለያየ አገር መጥተው በባዝ ያረጁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚሰባሰቡበትና ምሳ የሚበሉበት ቦታ ነው እንጂ በየቀኑ ትኬት እየቆረጠ የሚያስገባ ሙዚየም አይደለም። በመሆኑም ሳያሳውቁ ሄዶ በር ማንኳኳት ተገቢ አይመስለኝም። ቤቱን ለሚያስተዳድሩት አስቀድመው በኢሜይል ይጻፉ፤ አባትዎ ማን እንደሆኑ፣ ለምን ሊመጡ እንደፈለጉና ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ይግለጹ። እኔ በጻፍኩበት ጊዜ ሁሉ በአክብሮት ነው የተቀበሉን። ሲሄዱም ትንሽ ስጦታ፣ ለምሳሌ የተቆላ ቡና ወይም ድፎ ዳቦ፣ ይዘው ቢሄዱ ከአዛውንቶቹ ጋር ለመጫወት ጥሩ መግቢያ ይሆንልዎታል።

ከመሐል ከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ሆኖም መንገዱ ዳገት ስለሆነ ከባቡር ጣቢያው በታክሲ እንዲሄዱ እመክራለሁ።

ምላሽ፦ ሰብለ (በርሚንግሃም)

ስለ መታጠቡ ጉዳይ ማንም ስላልመለሰ ልጻፍ። በነርስነት የምሠራ ስለሆንኩ ነገሩ በቀጥታ ያሳስበኛል።

አባትዎ ሁለቱን ቦታዎች እንዳያደባልቋቸው አስቀድመው ይንገሯቸው። በፎቶግራፍ የምናየው፣ በዓምዶች የተከበበው አረንጓዴ ውሃ ያለበት ትልቁ የሮማውያን ገንዳ ለመታየት ብቻ የተፈቀደ ነው። በሮማውያን ጊዜ ጣሪያ ነበረው፤ ዛሬ ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያገኘው አልጌ አብቅሎ ነው አረንጓዴ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ በነበረ ተሕዋስ ምክንያት የአንጎል ሽፋን ብግነት ይዟት ከሞተች ወዲህ መዋኘት ተከልክሏል። አባትዎ በልማድ እጃቸውን ነክረው ፊታቸውን እንዳይታበሱበት ይጠንቀቁ፤ አገራችን ጠበል የለመደ ሰው ይህን ሳያስበው ሊያደርገው ይችላል።

መታጠብ የሚቻለው ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተው ቴርሜ ባዝ ስፓ ነው። እርሱም ያንኑ የፍል ውሃ የሚጠቀመው በጥልቅ ጉድጓድ አውጥቶ፣ አጣርቶና አቀዝቅዞ ነው። የውሃው ነገር በራሱ የሚያስደንቅ ነው፦ በሜንዲፕ ኮረብታዎች ላይ የዘነበ ዝናብ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሰርጎ፣ በምድር ውስጥ ሙቀት ግሎ፣ በዓለቱ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ምንጩ ላይ ሲደርስ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት አለው፤ በየቀኑም ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ሶደሬን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ይሁን እንጂ በ78 ዓመት ዕድሜ፣ ከረጅም በረራ በኋላ፣ በተለይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት ግፊትን በድንገት ዝቅ አድርጎ ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። ከመምጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁላቸው፤ ቢፈቀድላቸውም ለብቻቸው አይተዉአቸው፤ ውሃም ያጠጧቸው። በአንድ ቀን ውስጥ መታጠቡንም፣ የሮማውያኑንም ቦታ፣ የጃንሆይንም ቤት ማድረግ ለወጣት እንኳ አድካሚ ነው። ለመቅመስ ከሆነ ግን በሮማውያኑ መታጠቢያ ጉብኝት ማብቂያ ላይ የታከመውን ውሃ ለእንግዳ ይሰጣሉ፤ ለብ ያለና ማዕድን ማዕድን የሚል ነው።

ምላሽ፦ ዘውዴ (ጠያቂው)

እህቶቼና ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአውቶቡሱን ጉዞ ትቼዋለሁ፤ መታጠቡንም አባቴ ራሳቸው «ሶደሬ አለልኝ» ብለው ተዉት። ለፌርፊልድ ሐውስ ጽፌ በቀና መልስ ሰጥተውኛል፤ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ይጠብቁናል። አሁን የቀረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ነው። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ቤቶችና የከተማዋን የፑልትኒ ድልድይም እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ ጉልበታቸው ግን ያሳስበኛል።

ምላሽ፦ አቤል (ብሪስቶል)

እጅግ ደስ ብሎኛል። ቀኑን እንዲህ ቢያደርጉት ይበጃል። ከፌርፊልድ ሐውስ ሲመለሱ ባለታክሲውን በሮያል ክሬሰንት በኩል እንዲያልፍ ይጠይቁት፤ 30 ቤቶች በአንድ ቅስት የተያያዙበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1767 ጀምሮ የተሠራ ነው። ከመኪና ሳይወርዱ፣ ቢበዛ ሣሩ ዳር ለአምስት ደቂቃ ቆመው ሊያዩት ይችላሉ፤ ዳገቱን በእግር መውጣት አያስፈልግም። ከዚያ መሐል ከተማ ወርደው ምሳ ይብሉና አባትዎን በቂ ጊዜ ያሳርፏቸው።

ለሮማውያኑ መታጠቢያ የመግቢያ ሰዓት የተወሰነለት ትኬት በኢንተርኔት ቀድመው ይግዙ፤ ዘጠኝ ሰዓትን ቢመርጡ ጥሩ ነው። ከትኬቱ ጋር የሚሰጠው የድምፅ ማስረጃ አማርኛ የለውም፤ ነገር ግን በፈለጉበት ቦታ ማስቆምና መድገም ስለሚቻል ከአስጎብኚ ሰው ይልቅ ለመተርጎም ይመቻል። ውስጡ የጥንት ድንጋይ ወለል ስለሆነ ወጣ ገባና አልፎ አልፎ እርጥብ ነው፤ አባትዎ ምርኩዛቸውን ይያዙ፤ ሊፍትም ስላለ ሠራተኞቹን ይጠይቁና ያሳዩዎታል።

ጊዜ ከተረፈ ድልድዩን ትተው ከመታጠቢያው ፊት ለፊት ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ ባዝ አቢን ያሳዩአቸው። አሁን ያለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1499 የተጀመረ ቢሆንም፣ ንጉሥ ኤድጋር በ973 ዘውድ የጫነው በዚያው ስፍራ በነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእንግሊዝ ነገሥታት እስከ ዛሬ የሚነግሡበት ሥርዓት መሠረቱ የዚያን ቀን ሥርዓት ነው። ለታሪክ መምህር ይህ ከድልድዩ ይበልጣል ብዬ አስባለሁ። ውስጡ መቀመጫ ሞልቷል፤ ባቡራችሁ እስኪደርስ ድረስም ያርፉበታል።