ካቨንዲሽ «የ200 ሜትር ጀግና» ነው እንዴ?

የከዚራው፦ ትናንት እዚህ ቡድን ውስጥ አንዱ «እንግሊዛዊው ሳይክለኛ ካቨንዲሽ ሰው ጀርባ ተደብቆ መጥቶ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚፈተለክ የ200 ሜትር ጀግና ነው፤ ከቤልጅጉ ኤዲ መርክስ ጋር ማወዳደር ነውር ነው» ብሎ ጻፈ። አቦ፣ ደሜ ፈላ! ቱር ደ ፍራንስ ላይ 35 የቀን ውድድር አሸንፎ የመርክስን 34 ያለፈን ሰው?

ጀጎል፦ «አንዱ» ምንድነው? እኔ ነኝ የጻፍኩት። መርክስ ጠቅላላውን ቱር 5 ጊዜ ወስዷል። ያንተ ሰውዬ አንዴም ወስዶ አያውቅም። ተራራ ሲመጣ ከኋላ ነው የምታገኘው።

የሳቢያኗ፦ ከኋላም ቢሆን የሰዓት ገደብ አለ እኮ። ካለፈህ ትሰናበታለህ፤ ነገ 200 ሜትር የሚባል የለም። በ2024 የመጀመሪያው ቀን ከፍሎረንስ ተነስተው ሙቀቱ አስታወከው። አበቃለት ሲባል የቡድኑ ልጆች አጅበው አስገቡት። በ5ኛው ቀን፣ በ39 ዓመቱ፣ 35ኛውን ወሰደ።

ጀጎል፦ «አጅበው አስገቡት»! እሰይ፣ ራስሽ መሰከርሽ።

የሳቢያኗ፦ መርክስ ቡድን አልነበረውማ! ብቻውን ነው የጋለበው!

ደቻቱ፦ ሙቀት ያስታወከው ሰው ግንቦት ላይ ድሬን ይሞክራት ሃሃ

የከዚራው፦ ጀጎል፣ አንተ የድሬ-ሐረርን መንገድ፣ የደንገጎን ዳገት፣ በሚኒባስ ተኝተህ እየወጣህ ስለ ተራራ ታወራለህ። ትራኩንስ ምን ልትለው ነው? በማዲሰን፣ ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ በሚጋልቡት የትራክ ውድድር፣ 3 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ 2005፣ 2008፣ 2016። ሁለቱን ከአገሩ ልጅ ከዊጊንስ ጋር። ማዲሰን 50 ኪሎ ሜትር ነው። 200 ዙር! 200 ሜትር አላልኩም።

ጀጎል፦ 2008ን ካነሳህ የቤጂንግን ኦሎምፒክም ጨርስልና። ከእንግሊዝ የትራክ ልጆች ያለ ሜዳልያ የተመለሰው እሱ ብቻ ነው።

የሳቢያኗ፦ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ በኦምኒየም፣ በብዙ የትራክ ውድድሮች ድምር፣ ብር አገኘ። እሱን ለምን ዘለልከው?

ጀጎል፦ ብር ስለሆነ።

ጋሽ ለገሀር፦ ልጆች፣ እንግሊዝና ቤልጅግ ምን አገባችሁ? ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለሱ አንድ መስመር የጻፈ የለም።

ደቻቱ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚያው በ2024 ቱር ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ 3 የቀን ውድድር አሸንፎ የነጥብ አንደኛውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። እሱም በመጨረሻዋ ሽምጥ ነው የሚያሸንፈው። ጀጎል ያኔ ስታጨበጭብ «200 ሜትር» አላልክም።

ጀጎል፦ ቢኒያም ሌላ ነው። ዳገት ይችላል። የቤልጅጉን ውድድር ጌንት ቬቬልገምን አሸንፏል።

የከዚራው፦ ካቨንዲሽም በ2009 የጣልያኑን የአንድ ቀን ውድድር ሚላን ሳንሬሞን አሸንፏል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሜትር ቀይርልኝ።

የሳቢያኗ፦ «ሌላ ነው» ማለት ያገሬ ልጅ ነው ማለት ነው፤ በቃ በለውና እንረፍ።

ጀጎል፦ አዎ ነው! ምን ትሆኚ?

ደቻቱ፦ አስመራ መቼ ነው ሐረር የገባችው?

ጋሽ ለገሀር፦ ጽጋቡ ነው ያልኳችሁ እኮ።

የከዚራው፦ ጀጎል፣ ወሬውን ተወው። እሁድ ጠዋት ሳይክልህን ይዘህ ደንገጎ እንገናኝ።

ጀጎል፦ እመጣለሁ። እኔ ከሐረር በኩል ነኝ፣ እወርዳለሁ። አንተ ውጣ።