ሮቴሽንና የሬዚደንሲ ማመልከቻ ተደራረቡብኝ፤ ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። የማመለክተው ለድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሕክምና ትምህርት በኋላ ላለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ነው። አሁን ሌላ ስቴት ሮቴሽን (ሆስፒታል ውስጥ ለሳምንታት የሚሠራ የተግባር ልምምድ) ላይ ነኝ፤ እንዳለቀ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሚቀጥለው ሆስፒታል እሄዳለሁ።

ጭንቀቴ ጊዜ ነው። የሬዚደንሲ ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ሽፍቴ ደግሞ አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት ነው። ትናንት ከሌሊት ሽፍት ወጥቼ ስለ ራሴ የምጽፈውን ድርሰት ከፈትኩ። «ድንገተኛ ክፍልን የመረጥኩት» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ላፕቶፑን እንደታቀፍኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

የእኛ ዘርፍ የራሱ ጣጣ አለው። ተራ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። ስሎይ የሚባለው የግምገማ ደብዳቤ ይፈለጋል፤ እሱ የሚገኘው ደግሞ ከዚሁ ሮቴሽን ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ፈዝዤ መታየት አልችልም። በሽተኛውም ቢሆን የነቃ ሰው ይገባዋል።

ሁለተኛው ሮቴሽን የሚያልቀው ማመልከቻው መታየት ከጀመረ በኋላ ነው። በአንድ ስሎይ አስገብቼ ሌላውን በኋላ ብጨምር ይጎዳኛል? ያደረጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

ሌላው፣ ማመልከቻው ላይ የማጎላቸውን ተሞክሮዎች መምረጥ አለብኝ። ለአማርኛ ተናጋሪ በሽተኞች በበጎ ፈቃድ ያስተረጎምኩትን ላጉላው ወይስ ምርምሬን ላስቀድም? ልቤ ወደ ማስተርጎሙ ያደላል።

ድርሰቱን አንብቦ ያለ ይሉኝታ የሚያርምልኝ ሬዚደንት ካለም ውለታው ትልቅ ነው። በዚህ ሳምንት እንደምንም ጨርሼ እልካለሁ።