ከፍዬ የጫንኩት ፕሮግራም ለምን ተቆለፈብኝ?

ብዕር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፍ የምሠራበትን ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ በወር በወር እየከፈልኩ ነው የምጠቀመው። ባለፈው ሳምንት የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎበት ክፍያው ሳይሄድ ቀረ። ዛሬ ስከፍተው ፋይሎቼን ማንበብ እችላለሁ፣ ግን አንዲት ፊደል መጨመር አልችልም። ፕሮግራሙ እኮ እዚሁ እኔ ማሽን ላይ ነው ያለው! ከሩቅ ሆኖ ማነው የሚቆልፈው? ፋይሎቼስ እኔ ጋ ናቸው ወይስ እነሱ ጋ? ነገ የማስረክበው ሥራ አለኝ፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ኬብል፦
ወንድሜ ተረጋጋ፣ ፋይልህ አልጠፋም። አካውንትህ ውስጥ ገብተህ አዲሱን ካርድ መዝግብና ክፈል። ከዚያ ከፕሮግራሙ ሳይን አውት አድርገህ እንደገና ግባ፣ ይከፈትልሃል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ማንም ከሩቅ አልቆለፈብህም፣ የቆለፈው ራሱ ፕሮግራሙ ነው። ስትጭነው ማሽንህ ላይ ትንሽ የፈቃድ ፋይል ያስቀምጣል፣ ፈቃዱም የሚያበቃበት ቀን አለው። ኢንተርኔት ሲያገኝ በየጊዜው የኩባንያውን ሰርቨር (ዋናውን ኮምፒውተራቸውን) «ይህ አካውንት ከፍሏል?» ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ ከተባለ ቀኑን ይገፋዋል፣ አልከፈለም ከተባለ መጻፊያውን ይዘጋል። ኢንተርኔት ሳይኖር ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የፎቶሾፕ አምራች አዶቢ ለምሳሌ የዓመት ውል ላላቸው እስከ 99 ቀን ያለ ኢንተርኔት ይፈቅዳል። ባጭሩ የከፈልከው ለፕሮግራሙ ሳይሆን ለመጠቀሚያ ፈቃዱ ነው።

ብዕር፦
እህትህ ነኝ 😄 አመሰግናለሁ። አሁን እሞክረዋለሁ።

ኬብል፦
ይቅርታ እህቴ! ሞክሪውና ንገሪን።

አሮጌ ላፕቶፕ፦
የፋይሉን ነገር እኔ ልመልስ፣ ዋናው እሱ ነውና። ክላውድ ሲሉሽ ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይምሰልሽ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። እንደ ጎግል ዶክስ በብራውዘር የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ ፕሮግራሙም ፋይሉም በዋናነት እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፣ ያንቺ ማሽን መስኮት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ያንቺ ግን ቅልቅል ይመስለኛል፦ ፕሮግራሙ እዚህ፣ ፋይሉ እዚህም እዚያም።

ፎልደሩን ክፈቺና ከፋይሉ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት እዪ። የማይክሮሶፍቱ ክላውድ ዋንድራይቭ ላይ የደመና ምልክት ካለበት ፋይሉ ስሙ ብቻ ነው አንቺ ጋ ያለው፣ ይዘቱ እዚያ ነው። ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ሁልጊዜ እዚህ መሣሪያ ላይ እንዲቆይ የሚለውን ምረጪ፣ ሙሉው ይወርዳል። አንድ ነገር ደግሞ ሰዎች ይሳሳቱበታል፦ ሲንክ (እዚህና እዚያ ያለውን አንድ ዓይነት ማድረግ) ባክአፕ (ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቅጂ) አይደለም። እዚህ ስታጠፊው እዚያም ይጠፋል። የቆሻሻ መጣያው ለጥቂት ሳምንት ያቆይልሻል እንጂ ለዘላለም አይደለም። ለነገው ሥራ ቅጂውን ፍላሽ ላይ አድርጊ።

ዝምተኛው፦
እኔን ያቃጠለኝን ልናገር። ሂሳብ የምይዝበት በብራውዘር የሚሠራ ፕሮግራም ነበረኝ። ሥራ ቀዝቅዞ መክፈል አቆምኩ፣ ከወራት በኋላ ስመለስ ዳታው የለም። ውሉ ላይ ከተቋረጠ በኋላ ለስንት ቀን እንደሚያስቀምጡ ተጽፎ ነበር፣ ማን ያነባል! አሁን በየወሩ መጨረሻ ወደ ኤክሴል ኤክስፖርት አደርጋለሁ። ኤክስፖርት የማይፈቅድ ፕሮግራም ውስጥ ዳታዬን አላስገባም፣ በቃ።

ፈጣን፦
ምን አስጨነቃችሁ፣ ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) አውርዳችሁ ጫኑ።

አሮጌ ላፕቶፕ፦
ሕገወጥነቱን ተወውና፣ ክራክ ሲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚለው ለምን ይመስልሃል? ነገ ሥራ የምታስረክብ ሰው አትምከር።

ነጋዴው፦
አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ለሚፈልግ አሁንም መንገድ አለ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 የዋና ዋና ፕሮግራሞቹን አዳዲስ ቅጂዎች በኪራይ ብቻ ለማድረግ ወሰነ፣ በ2012 የወጣው ሲኤስ6 በአንድ ክፍያ የሚሸጥ የመጨረሻው ጥቅል ሆነ። ማይክሮሶፍት ግን ከኪራዩ ማይክሮሶፍት 365 ጎን ለጎን ኦፊስ 2024ን በአንድ ክፍያ ይሸጣል። አዲስ ነገር አይጨመርበትም፣ የደህንነት አፕዴት ብቻ፣ እሱም ለተወሰነ ዓመት። ሊብሬኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሰንጠረዥ ፕሮግራም ደግሞ ነጻ ነው፣ የዎርድ ፋይልም ይከፍታል። ሰንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ ግን አንዳንዴ ይበታተንብኛል።

ከኪራዩ የማትወጪ ከሆነ «ዓመታዊ፣ በወር የሚከፈል» የሚለውን ቃል ተጠንቀቂ። ወርሃዊ ይመስላል፣ የዓመት ውል ነው። መሀል ላይ ሲያቋርጡ ቅጣት ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 አዶቢን የከሰሰው ይህን ቅጣት በግልጽ አላሳየም ብሎ ነው።

ብዕር፦
ተከፈተ! ካርዱን አስገብቼ ወጥቼ ስገባ ወዲያው ሠራ። ከፋይሎቼ ሦስቱ የደመና ምልክት ነበራቸው፣ ሁሉንም አወረድኩ። የነገው ሥራ ፍላሽ ላይም አለ። @ነጋዴው አሁን ሄጄ አየሁት፣ የኔም «ዓመታዊ፣ በወር የሚከፈል» ነው፣ እስከ ዛሬ ወርሃዊ መስሎኝ! ከመታደሱ አንድ ሳምንት በፊት እንዲያስታውሰኝ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ።