የእንግሊዝ ክሪኬት «ሰሜን ከደቡብ» ግጥሚያ እንዴት ተጀመረ፣ ለምንስ ቀረ?

ጥያቄ፦ አምባሰል (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። እዚህ ደሴ የስፖርት ታሪክ ከሚወዱ ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንጨዋወት፣ የደቡብ ወሎና የሰሜን ወሎ ዞኖች ምርጥ የእግር ኳስ ቡድኖች በየዓመቱ ቢገናኙ መልካም ነው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ታዲያ እንግሊዞች በክሪኬት ይህንኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርጉ ቆይተው በመጨረሻ እንደተዉት ነገረን። እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ወደ እናንተ መጣሁ። ይህ «ሰሜን ከደቡብ» የተባለው ግጥሚያ መቼ ተጀመረ? አንድ ተጫዋች የሰሜን ወይም የደቡብ ሰው መሆኑስ በምን ይለይ ነበር? በእኛ በኩል ውጫሌ ወደ ደቡብ፣ ውርጌሳ ወደ ሰሜን መሆኑን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ድንበሩ አያከራክርም፤ የእነሱ ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ያህል ዘመን የቆየ ግጥሚያ ለምን እንደቀረ የምታውቁ ብታስረዱን ደስ ይለናል።

መልስ፦ የሐይቅ አንባቢ

የተከበሩ አምባሰል፣ ጥሩ ጥያቄ አንሥተዋል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ግጥሚያ የተካሄደው በ1836 በጁላይ ወር ለንደን በሚገኘው የሎርድስ ሜዳ ሲሆን፣ ሜዳው የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ መቀመጫ ነው። በዚያ ቀን ሰሜን አሸነፈ። በኦገስት ወር የመልሱ ጨዋታ ሌስተር ላይ ሲደረግ ደግሞ ደቡብ በሰፊ ልዩነት ረታ።

ያ የሌስተር ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚወሳው ከውጤቱ ይልቅ አልፍሬድ ማይን በተባለው ግዙፍ የኬንት ተጫዋች ምክንያት ነው። ማይን እግሩ ክፉኛ ተጎድቶ ሳለ፣ በዚያ ዘመን መቺዎች እግራቸውን የሚከልሉበት መከላከያ ገና ባልተለመደበት ጊዜ፣ የሚወረወርበትን ኳስ እየተቋቋመ ከጨዋታ ሳይወጣ 125 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ እንኳን ስላልቻለ በፈረስ በሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ወደ ለንደን ተወሰደ፤ ሐኪሞችም እግሩን ለመቁረጥ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። እግሩ ግን ተርፎለት ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውቷል። አንድ ግጥሚያ ስም የሚያገኘው እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመው ይመስለኛል።

ስለ ድንበሩ ለጠየቁት፣ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ኖሮ አያውቅም። ኖቲንግሃም፣ ዮርክሺርና ላንክሺር ያለ ጥርጥር የሰሜን ናቸው፤ ኬንት፣ ሰሴክስ፣ ሰሪና ሚድልሴክስ ያለ ጥርጥር የደቡብ ናቸው። መካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ግን እንደ መራጮቹ ፍላጎት ወዲህም ወዲያም ይል ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የጆን ዊዝደን ታሪክ ነው። ሰውየው የተወለደው በደቡብ ጫፍ፣ በሰሴክስ ግዛት ብራይተን ከተማ ሆኖ ሳለ፣ በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኘው ሌሚንግተን ከተማ ከኖቲንግሃምሺሩ ተጫዋች ጆርጅ ፓር ጋር የመጫወቻ ሜዳ በሽርክና ስለያዘ ለሰሜን ተሰለፈ። በ1850 በሎርድስ ለሰሜን ሲወረውርም፣ በአንድ ዙር አሥሩንም የደቡብ መቺዎች ከኋላቸው የተተከሉትን እንጨቶች በኳስ እየመታ አስወጣቸው። የትውልድ አገሩን ሰዎች እንዲህ ያደረገ ተጫዋች በእኛ አገር ቢሆን ወደ ቤቱ በየት በኩል እንደሚመለስ እንጃ!

መልስ፦ የኮምቦልቻ ታዛቢ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም ግጥሚያው የቆመበትን መሠረት ለመረዳት የገንዘቡን ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል። በ1846 ዊሊያም ክላርክ የተባለ የኖቲንግሃም ሰው በሙያው የሚተዳደሩ ምርጥ ተጫዋቾችን ሰብስቦ «የመላው እንግሊዝ አሥራ አንድ» የሚል ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ባቡር ወደ ደረሰበት ከተማ ሁሉ እየተጓዘ ይጫወት ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ደካሞች ስለሚሆኑም ብዙ ጊዜ ሃያ ሁለት ሆነው እንዲሰለፉ ይፈቀድላቸው ነበር። ክላርክ ግን ትርፉን ለራሱ እያስቀረ ለተጫዋቾቹ ጥቂት ይከፍላል የሚል ቅሬታ ተነሣበትና በ1852 ዊዝደንና ጄምስ ዲን ተለይተው ወጥተው ሌላ ተጓዥ ቡድን መሠረቱ። ክላርክ በ1856 ሞተ፤ ሁለቱ ቡድኖች በቀጣዩ ዓመት በሎርድስ መገናኘት ጀመሩ፤ ለተወሰኑ ዓመታትም ትልቁ ግጥሚያ እርሱ ሆነ። «ሰሜን ከደቡብ» በዚህ ጊዜ ከዋናው ማዕድ ወደ ጎን ገሸሽ አለ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ እውነተኛ ጠብ መጣ። በ1862 በለንደኑ የኦቫል ሜዳ እንግሊዝ ከሰሪ ጋር ሲጫወት፣ ኤድጋር ዊልሸር የተባለው ወርዋሪ እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ስለወረወረ ዳኛው ጆን ሊሊዋይት ደጋግሞ ውርወራውን ሻረበት። በዚያ ዘመን ሕጉ ይህን ይከለክል ነበር፤ ብዙዎቹ ወርዋሪዎች ግን ያደርጉት ነበር። ዊልሸርና ሌሎቹ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ሜዳውን ጥለው ወጡ። በ1864 ሕጉ ተለውጦ ከትከሻ በላይ መወርወር ተፈቀደ፤ የተጫዋቾቹ ቂም ግን አልበረደም። ጆርጅ ፓርን የመሰሉ የሰሜን ሰዎች በሰሪ ላይ አኩርፈው ኦቫል ላይ አንጫወትም አሉ፤ የደቡብ ተጫዋቾችም በበኩላቸው ተገንጥለው የራሳቸውን ተጓዥ ቡድን መሠረቱ። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሜዳ ማገናኘት ለጥቂት ዓመታት በጣም አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው በዚህ የተነሣ ነው።

እርቁ ከወረደ በኋላ ግጥሚያው እንደገና ነፍስ ዘርቶ ነበር። በ1871 በኦቫል ዝነኛው መቺ ደብሊው ጂ ግሬስ ለደቡብ ሲጫወት በመጀመሪያው ዙር ምንም ሳያስቆጥር ወጣና በሁለተኛው ዙር 268 ሩጫ አስቆጠረ። ነገር ግን በ1873 አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ካውንቲ (እንደ ዮርክሺርና ኬንት ላለ ግዛት) ብቻ እንዲጫወት፣ ያም በትውልዱ ወይም በመኖሪያው እንዲሆን የሚያዝዝ ደንብ ወጣ፤ በ1890 ደግሞ የካውንቲ ሻምፒዮና በይፋ ተጀመረ። ግጥሚያውን የገደለው በእኔ አስተያየት ይህ ነው። ካውንቲ ሜዳ፣ የአባላት መዋጮ፣ ጸሐፊና በየሳምንቱ የሚመጣ ተመልካች አለው። «ሰሜን» ግን ኮሚቴም ደጋፊም የለው፤ የዮርክሺርና የላንክሺር ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩትን ያህል ከደቡብ ጋር አይፎካከሩም። ባለቤት የሌለው ግጥሚያ በመጨረሻ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚደረግ የበዓል ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

መልስ፦ ጥቁር ውኃ (ወልድያ)

ወንድሜ የኮምቦልቻ ታዛቢ፣ ጽሑፍዎ ግሩም ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እንደ እኔ አመለካከት እንዲህ ያለው ግጥሚያ የተፈጠረው ለደጋፊ ስሜት ሳይሆን ምርጦቹን ለማበጠር ነው። የካውንቲ ሻምፒዮና ከተጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ መራጮች ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ለመለየት «ሰሜን ከደቡብ»ን እንደ መፈተኛ ይጠቀሙበት ነበር። በጎኑም «እንግሊዝ ከቀሪዎቹ» የተባለው ፈተና ነበር። በ1950 በብራድፎርድ በተደረገው የዚህ ፈተና ጨዋታ ጂም ሌከር ሁለት ሩጫ ብቻ ሰጥቶ ስምንት መቺዎችን ሲያስወጣ፣ «ቀሪዎቹ» በ27 ሩጫ ተጠናቀቁ። ሌከር ደግሞ ተወልዶ ያደገው እዚያው ዮርክሺር ሆኖ ሳለ የሚጫወተው ለደቡቡ ሰሪ ነበር። መራጮቹ ስለ ትውልድ ስፍራ ያን ያህል የማይጨነቁ መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ የመጨረሻው አንደኛ ደረጃ (ለብዙ ቀናት የሚደረገው ዋናው ዓይነት) ግጥሚያ በ1961 ሲደረግ፣ ያበቃው የፈተናው አስፈላጊነት ነው። በዚያው ሰሞን ሌላም አሮጌ ልማድ አልፏል፤ በ1806 የተጀመረው፣ ባለ ሀብቶቹን አማተሮች ከተከፋይ ተጫዋቾች ጋር ያፋልም የነበረው ግጥሚያ በ1962 ቀረ፤ የአማተርነት ማዕረግ ራሱ ተሽሮ ነበርና። እንግሊዞች ሰውን በሁለት ወገን ከፍሎ ማጋጠም ድሮም ይወዳሉ። በ1884 በሎርድስ ሲጋራ የሚያጨሱ ከማያጨሱ ጋር የተጫወቱት እውነተኛ ግጥሚያ አለ፤ ከዚያ አንጻር ሰሜንና ደቡብ እጅግ ጨዋ ክፍፍል ነው።

አምባሰል (ደሴ)

እግዜር ይስጥልን፤ ከጠበቅነው በላይ አግኝተናል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከ1961 በኋላ ማንም እንደገና አልሞከረውም?

መልስ፦ የሐይቅ አንባቢ

ተሞክሯል። በ2017 የእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ቦርድ «ሰሜን ከደቡብ»ን በየቡድኑ ሃምሳ ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) የሚወረወርበት የአንድ ቀን ጨዋታ አድርጎ አስነሣው። ጨዋታዎቹ የተካሄዱት ግን በሰሜንም በደቡብም እንግሊዝ ሳይሆን በዱባይና በአቡ ዳቢ ነበር፤ ሰሜን ሦስቱንም አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ባርባዶስ ተወሰደ። ዓላማው ወልድያዊው ወዳጃችን እንዳለው ለብሔራዊ ቡድን የሚሆኑ ልጆችን ማየት ነበር፤ ደጋፊ የሌለው መሆኑን ግን የቦታው ምርጫ ራሱ ስለሚመሰክር፣ የኮምቦልቻው ሰውም አልተሳሳቱም። በሴቶች ክሪኬትም ከ2020 ጀምሮ ስምንት የክልል ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ በ2025 እነርሱም ተነሥተው ቦታቸው ለካውንቲዎች ተሰጥቷል።

የእናንተን በተመለከተ፣ የዞኖቹን ምርጥ ቡድን ማን እንደሚመርጥና ጨዋታው አንድ ዓመት ደሴ አንድ ዓመት ወልድያ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ብትስማሙ ይሻላል። ከሐይቅ ለሚመረጡት ልጆች እኔም የማውቃቸውን እጠቁማለሁ።